ሳያይ ለሚጫን እጅ፦ የብሮውዘር ታቦችንና አቋራጭ ቁልፎችን ስለመንደፍ

በእንግሊዝኛው ኪቦርድ ላይ ኪው እና ደብሊው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ኮንትሮል+ደብሊው አንድ ታብ ይዘጋል። ኮንትሮል+ኪው ግን በሊኑክስ፣ ኮማንድ+ኪው ደግሞ በማክ ላይ ብሮውዘሩን ከነመስኮቶቹ ጠቅልሎ ይዘጋል። በሁለቱ ቁልፎች መካከል ያለው ርቀት ሁለት ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። አንድ ታብ ለመዝጋት የተላከች ጣት ትንሽ ወደ ግራ ካዘነበለች የተከፈቱትን አርባ ታቦች ሁሉ ይዛ ትሄዳለች።

ይህን ጉርብትና የብሮውዘር ሠሪዎች አልፈጠሩትም፤ ሁለቱም ፊደሎች ሥራቸውን ከሌላ ፕሮግራም ይዘው የመጡ ናቸው። ጉዳቱን ማብረድ ግን የእነሱ ፈንታ ነው። ክሮም በማክ ላይ ኮማንድ+ኪው ለአፍታ ተይዞ ካልቆየ በቀር እንዳይዘጋ የሚያደርግ ቅንብር አለው። ፋየርፎክስ በዊንዶውስ ላይ መውጫውን ወደ ኮንትሮል+ሺፍት+ኪው አርቆታል። መንገዳቸው ይለያይ እንጂ የተነሡበት ሐሳብ አንድ ነው፤ ሰው እነዚህን ቁልፎች የሚጫነው ኪቦርዱን እያየ አይደለም።

ስለ ታብ ንድፍ ሲወራ ወሬው ቶሎ ወደ መልክ ይሄዳል፦ ጠርዙ ክብ ይሁን፣ ጥላ ይኑረው፣ ቀለሙ ይደብዝዝ። ይህ ሁሉ የዓይን ጉዳይ ነው። ታብ ግን በቀን ብዙ ጊዜ የሚነካ ዕቃ ስለሆነ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዓይን ይተወውና ሥራው ሙሉ በሙሉ የእጅ ይሆናል። እጅ ደግሞ የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ነገሩ ትናንት የት እንደነበረና ስንት ጊዜ ሲጫን ምን እንደሚሆን። እነዚህን ሁለቱን ያናጋ ንድፍ የቱንም ያህል ቢያምር ያናድዳል።

ቁልፎቹ ከየት መጡ?

ታብ ወደ ብሮውዘር የገባው ቀስ በቀስ ነው። ሞዚላ በጥቅምት 2001 (በፈረንጆች) በ0.9.5 እትሙ አስገባው፤ በዚያው ዓመት የወጣው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 ግን ታብ አልነበረውም፤ ማይክሮሶፍት እስከ እትም 7፣ እስከ 2006 ድረስ ቆየ። አቋራጮቹ ግን ከዚህ ሁሉ ይቀድማሉ። በቀድሞው ዊንዶውስ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ብዙ ሰነድ ሲከፈት በሰነዶቹ መካከል መዘዋወሪያው የኮንትሮልና የታብ ቁልፍ፣ አንዱን ሰነድ መዝጊያው ደግሞ ኮንትሮል+ኤፍ 4 ነበር። ብሮውዘሮች ሁለቱንም ወረሷቸው። ዛሬም ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል+ኤፍ 4 ታብ ይዘጋል፤ የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነው እንጂ ቁልፉ በቦታው አለ። ከዚህ የሚወሰደው የሥራ ትምህርት ቀላል ነው፦ አዲስ አቋራጭ ከመፍጠርህ በፊት ሰው በሌላ ፕሮግራም እጁ የለመደውን ፈልግ፤ ካገኘህ ሳትነካካ ውሰደው። ኮንትሮል+ቲ (አዲስ ታብ መክፈቻው)፣ ኮንትሮል+ደብሊው፣ ኮንትሮል+ሺፍት+ቲ (የተዘጋን ታብ መመለሻው) ዛሬ የማንም ብሮውዘር ንብረት አይደሉም። የተለየ ለመሆን ብሎ እነሱን የሚቀይር ሰው ተጠቃሚውን እንደገና መራመድ እያስተማረው ነው።

አዲስ ታብ፦ የጠፋው የመጀመሪያ ፊደል

ኮንትሮል+ቲ ቀላል ይመስላል፤ ባዶ ታብ ክፈት፣ በቃ። ፈጣን ጸሐፊ ግን ኮንትሮል+ቲን ተጭኖ አይጠብቅም፤ በዚያው ትንፋሽ መጻፍ ይጀምራል። ስለዚህ ፎከሱ፣ ማለትም የሚጻፈው ፊደል የሚያርፍበት ቦታ፣ ገጹ ሳይሳል በፊት አድራሻ ሳጥኑ ላይ መቀመጥ አለበት። የተለመደው ስሕተት የአዲስ ታብ ገጹ ተጭኖ እስኪያልቅ ጠብቆ ፎከስ መስጠት ነው። ገጹ 300 ሚሊ ሰከንድ ከፈጀ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ፊደላት የትም ይወድቃሉ። የባሰው ደግሞ ፎከሱ መጀመሪያ ሳጥኑ ላይ ሆኖ ገጹ ሲደርስ የራሱን የፍለጋ ሳጥን ፎከስ ሲያደርግ ነው። ያኔ ቃሉ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ግማሹ ላይ፣ ግማሹ ታች። ደንቡ ይህ ይሁን፦ ተጠቃሚው አንድ ቁልፍ እንኳ ከተጫነ በኋላ ማንም ገጽ ፎከሱን ከአድራሻ ሳጥኑ እንዳይነጥቅ።

እያንዳንዱ ታብ የራሱን ፎከስና በአድራሻ ሳጥኑ በጅምር የቀረውን ጽሑፍ ማስታወስ አለበት። ግማሽ አድራሻ ጽፎ ሌላ ታብ ላይ ያለ ነገር ሊያይ የሄደ ሰው ሲመለስ ግማሹን እንዳስቀመጠው፣ ጠቋሚውም በነበረበት ፊደል ላይ ሆኖ ሊያገኘው ይገባል። አድራሻ ሳጥኑን የመስኮቱ አድርጎ አንድ ብቻ የሚፈጥር ብሮውዘር እዚህ ላይ ይሰናከላል። ሳጥኑ በዓይን አንድ ይሁን፤ ይዘቱ ግን የታቡ ነው። ክሮም በ2008 ሲወጣ ታቦቹን ከአድራሻው በላይ ያወጣበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ አድራሻው በታቡ ሥር የሚኖር እንጂ ታቡን የሚገዛ አይደለም።

ከሊንክ የሚከፈቱ ታቦች ቅደም ተከተልም ስውር ችግር አለው። ከአንድ ገጽ ላይ ሦስት ሊንኮች በመሐለኛው የማውዝ ቁልፍ ተከፈቱ እንበል። እያንዳንዱን ከወላጁ ታብ፣ ማለትም ሊንኩ ካለበት ታብ፣ ቀጥሎ ካስቀመጥከው ረድፉ 3፣ 2፣ 1 ሆኖ ይገለበጣል። ትክክለኛው ከወላጁ የመጨረሻ ልጅ ቀጥሎ ማስገባት ነው፤ ያኔ በተከፈቱበት ተራ ይሰለፋሉ። ተጠቃሚው በመሐል ወደ ሌላ ታብ ሄዶ ከቆየ ግን ያ የወላጅና ልጅ መዝገብ ይሰረዝ፤ አለዚያ ከሰዓታት በኋላ የከፈተው ታብ እሱ በማያስታውሰው ዝምድና ራቅ ብሎ ይወለዳል።

የኮንትሮልና የታብ ቁልፍ፦ የማያልቀው ክርክር

ኮንትሮል ተይዞ የታብ ቁልፍ ሲጫን ወዴት ይሂድ? አንዱ ወገን በረድፉ ተራ፣ ወደ ቀኙ ጎረቤት ይላል፤ ክሮም እንዲህ ነው። ሌላው ወገን መጨረሻ ወደታየው ይላል፤ ፋየርፎክስ በቅንብሩ ይህን ለሚፈልግ ምርጫ ይሰጣል። በተራ የሚሄደው ለመረዳት ቀላል ነው፤ የሚታየውና የሚሆነው አንድ ናቸው። በቅርብ ጊዜ የሚሄደው ደግሞ ለሥራ ፈጣን ነው፤ ሁለት ታቦችን እያመሳከረ የሚጽፍ ሰው መሐላቸው ሃያ ታብ ቢኖርም በአንድ ጭነት ይመላለሳል። እኔ የሁለተኛው ወገን ነኝ፤ በተራ ለመሄድ ኮንትሮል+ፔጅ ዳውን አለልን። ሁለት ቁልፎችን ለአንድ ሥራ ማዋል ብክነት ነው።

ሁለተኛውን መንገድ የመረጠ ግን ዝርዝሩን በትክክል መሥራት አለበት፤ አለዚያ ከመጀመሪያው የከፋ ይሆናል። ኮንትሮል እንደተያዘ እስካለ ድረስ የቅርብ ጊዜ ዝርዝሩ መቀዝቀዝ አለበት። ካልቀዘቀዘ እንዲህ ይሆናል፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ የሚባሉ ሦስት ታቦች አሉ፤ አሁን ሀ ላይ ነን። አንዴ ሲጫን ወደ ለ ይሄዳል፤ ዝርዝሩም ወዲያው ለ፣ ሀ፣ ሐ ይሆናል። ሁለተኛ ሲጫን ወደ ሐ መሄድ ሲገባው ተመልሶ ሀ ላይ ያርፋል። ተጠቃሚው መቶ ጊዜ ቢጫን ከሁለቱ አይወጣም፤ ሐ የምትባለዋን በዚህ መንገድ አያገኛትም። ስለዚህ ዝርዝሩ የሚታደሰው ጣት ከኮንትሮል ሲነሣ ብቻ ነው።

ብሮውዘሩ በመዘዋወር ጊዜ የታቦቹን የምስል ሰሌዳ የሚያሳይ ከሆነም ሰሌዳው ወዲያው ብቅ አይበል። ፈጥኖ ነክቶ የሚለቅ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል፤ ብልጭ የሚል ሰሌዳ ዓይኑን ይረብሸዋል እንጂ አይረዳውም። 150 ወይም 200 ሚሊ ሰከንድ ያህል ቆይቶ ኮንትሮል አሁንም እንደተያዘ ከሆነ ብቻ ይታይ። ሺፍት ሲጨመር ወደ ኋላ ይሂድ፤ ኢስኬፕ ሲጫን ወደ ተነሡበት ይመልስ።

ቁጥሮቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ከኮንትሮል+1 እስከ ኮንትሮል+8 ያሉት ታቦችን በቦታቸው ይጠራሉ፤ ኮንትሮል+9 ግን ዘጠነኛውን ሳይሆን የመጨረሻውን ነው የሚጠራው። ይህ ልዩነት ለጀማሪ ግራ ቢሆንም ብልህ ውሳኔ ነው። ሰው በጠበበ ረድፍ ላይ ዘጠነኛውን ቆጥሮ አያገኘውም፤ ዳሩን ግን ሳይቆጥር ያውቀዋል።

መዝጋት

ታብ መዝጋት የንድፉ ሁሉ ፈተና ነው፤ ብዙ ጊዜ ስለሚደረግ፣ በፍጥነት ስለሚደረግ፣ ሲሳሳቱበትም ስለሚያምም።

በማውዝ እንጀምር። አንድ ረድፍ 1200 ፒክሰል ስፋት አለው፤ 12 ታቦች እያንዳንዳቸው 100 ፒክሰል ይዘው ተሰልፈዋል። ተጠቃሚው አምስተኛውን ዘጋ። ታቡን የምትዘጋው ምልክት፣ ኤክሷ፣ ያለችው በታቡ ቀኝ ጫፍ፣ 500ኛው ፒክሰል አካባቢ ነው። አሁን የቀሩት 11 ናቸው፤ ረድፉ ወዲያው እንደገና ከተከፋፈለ እያንዳንዱ ወደ 109 ፒክሰል ይሰፋና የአዲሱ አምስተኛ ታብ ቀኝ ጫፍ ወደ 545 ይሄዳል። ኤክሷ 45 ፒክሰል ሸሸች ማለት ነው። ቀጣዩን ለመዝጋት እዚያው ላይ ደግሞ የተጫነ ሰው ታቡን ከመዝጋት ይልቅ ይከፍተዋል፤ አምስት ታብ ልዝጋ ያለም አምስት ጊዜ ያነጣጥራል። መፍትሔው ክሮም የለመደው ነው፦ በማውዝ ሲዘጋ ጠቋሚው ከረድፉ እስኪወጣ ድረስ ስፋቱን አትቀይር። የቀሩት ወደ ግራ ብቻ ይንሸራተቱ፤ የቀጣዩ ታብ ኤክስ በትክክል ጠቋሚው ሥር ትመጣለች። በቀኝ ጫፍ ያለው ሲዘጋ ግን የሚንሸራተት የለም፤ ያኔ የቀሩት በልክ ይስፉና የአዲሱ መጨረሻ ኤክስ ጠቋሚው ሥር ትድረስ። በኮንትሮል+ደብሊው ሲዘጋ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ወዲያው ይስፋፋ።

ታቡ ሲዘጋ የሚታየው የመጥበብ እንቅስቃሴም ወጥመድ አለው። ታቡ ከዝርዝሩ የሚወጣው በተጫነበት ቅጽበት ይሁን፤ እንቅስቃሴው ሥዕል ብቻ ነው። አንዳንድ ሥራዎች ታቡን የሚያጠፉት እንቅስቃሴው ሲያልቅ ነው። በዚያ መሐል የመጣ ሁለተኛ ጭነት እየሞተ ባለው ታብ ላይ ያርፍና ይባክናል።

ለመምረጥ ማውዙ ሲጫን፣ ለመዝጋት ግን ጣት ሲነሣ ይፈጸም። ልዩነቱ ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ቢሆንም ምክንያት አለው። መምረጥ ጉዳት ስለሌለው ፍጥነቱ ይቅደም። መዝጋት ጉዳት ስላለው በስሕተት ኤክሷን የተጫነ ሰው ጣቱን ሳያነሣ ጠቋሚውን ጎትቶ በመውጣት እንዲያመልጥ በር ይተውለት።

በኪቦርድ ደግሞ መደጋገም አለ። ቁልፍ ተጭኖ ሲቆይ ሲስተሙ ያንኑ ቁልፍ ይደጋግመዋል፤ በዊንዶውስ ከሩብ ሰከንድ እስከ አንድ ሰከንድ ባለው ቆይታ ይጀምርና በሰከንድ እስከ 30 ሊደርስ ይችላል። ኮንትሮል+ደብሊውን ትንሽ አርዝሞ የተጫነ ሰው ስድስት ታብ በአንድ እስትንፋስ ሊዘጋ ነው። ስለዚህ ለመዝጊያና ለአዲስ ታብ የተደጋገመውን ጭነት እምቢ በል፤ እያንዳንዱ ታብ የራሱን አዲስ ጭነት ይጠይቅ። ለመዘዋወሪያው ግን ፍቀድ፤ ኮንትሮል+ፔጅ ዳውንን ይዞ በረድፉ ላይ መሮጥ ሰው የሚፈልገው ነገር ነው።

ከተዘጋ በኋላ የትኛው ታብ ይመረጥ? የዘጋው ልጅ ታብ ከሆነና ከቀኙ ወንድም ካለው ወደ ወንድሙ ይሂድ፤ ወንድም ከሌለ ወደ ወላጁ ይመለስ፤ ወላጅም ከሌለ ወደ ቀኝ ጎረቤት፣ እሱም ከሌለ ወደ ግራ። ከፍለጋ ገጽ አራት ውጤት ከፍቶ እያነበበ የሚዘጋ ሰው በዚህ ደንብ አራቱን አንብቦ ሲጨርስ ሳይነካ ፍለጋው ላይ ያርፋል።

አሁን ወደ ጥያቄው እንምጣ፤ ከመዘጋቱ በፊት «እርግጠኛ ነህ?» ይባል? «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚለው ምክር ለልብስ ሰፊ ነው እንጂ ለታብ ዘጊ አይሆንም። በየቀኑ መቶ ጊዜ የሚጠየቅ ሰው ጥያቄውን ማንበብ ያቆማል፤ «አዎ» የምትለዋ ጭነት የመዝጊያው ግማሽ ሆና እጁ ውስጥ ትገባለች። ይልቅ መቁረጡም መልሶ መስፋቱም ቀላል ይሁን። ኮንትሮል+ሺፍት+ቲ የሚመልሰው አድራሻውን ብቻ ከሆነ ግን ግማሽ ሥራ ነው። የኋላና የፊት ታሪኩ፣ ገጹ ላይ የደረሰበት ቦታ፣ ቅጹ ላይ የተጻፈው (ከይለፍ ቃል በቀር)፣ በረድፉ ውስጥ የነበረበት ስፍራና ቡድኑ አብረው ይመለሱ። መጨረሻ የተዘጋው መጀመሪያ ይምጣ፤ የተዘጋ መስኮትም በዚያው ቁልል ውስጥ ከነታቦቹ ይቀመጥ። ፋየርፎክስ ቅንብሩ ሳይነካ 25 የተዘጉ ታቦችን ያስታውሳል፤ ለአብዛኛው ሰው ከበቂ በላይ ነው። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ወይም ብሮውዘሩ ሲወድቅ የሚመለሰው ደግሞ መጨረሻ ዲስክ ላይ የተጻፈው ነው፤ ፋየርፎክስ በ15 ሰከንድ ልዩነት ይጽፋል። በየጭነቱ መጻፍ ዲስክ ይበላል፤ በየአምስት ደቂቃው መጻፍ ሰውን ያስለቅሳል።

ጥያቄ የሚገባው መመለስ በማይቻልበት ቦታ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ገጹ ራሱ ያልተላከ ጽሑፍ እንዳለ ሲያስታውቅ። ያም ቢሆን ገደብ አለው። የዛሬ ብሮውዘሮች ተጠቃሚው ገጹን ምንም ካልነካ ጥያቄውን አያሳዩም፤ የጥያቄውንም ቃል ገጹ እንዲመርጥ አይፈቅዱም፤ አጭበርባሪ ገጾች ሰውን ላለማስወጣት ሲጠቀሙበት ስለነበር።

ስፋት፣ ኤክስና የጠበበ ረድፍ

ስፋቱ 1366 ፒክሰል የሆነ ስክሪን ላይ የመስኮቱ ቁልፎችና አዲስ ታብ መክፈቻው ቦታቸውን ከወሰዱ በኋላ ለታቦች የሚተርፈው 1200 ያህል ነው። እያንዳንዱ 240 ፒክሰል ከያዘ 5 ታብ፤ 76 ከያዘ 15 ታብ፤ አዶ (የድረ ገጹ ትንሽ ምልክት) ብቻ እስኪቀር ወደ 36 ከጠበበ 33 ታብ። 76 የፋየርፎክስ ዝቅተኛ ስፋት ነው፤ ከዚያ በኋላ አይጠብም፣ ረድፉ መንሸራተት ይጀምራል። ክሮም ለረጅም ጊዜ የያዘው መንገድ አዶ እስኪቀር ድረስ ማጥበብ ነው። ማጥበቡ ሁሉም ይታያል የሚል ማታለያ አለው። ይታያሉ፣ አይነበቡም። ከአንድ ድረ ገጽ የተከፈቱ አሥር ታቦች አሥር መንትያ አዶ ናቸው።

ታቡ ሲጠብ ኤክሷ የታቡን ግማሽ ትወስዳለች፤ ለመምረጥ የመጣ ጠቋሚ ይዘጋዋል። ስለዚህ ከተወሰነ ስፋት በታች ባልተመረጡት ታቦች ላይ ኤክሷ ትደበቅ። ይህ ግን ሌላ ወጥመድ ይወልዳል፦ የጠበበውን ታብ ቀኝ ጫፍ ሲጫኑ ታቡ ይመረጣል፣ ኤክሷም እዚያው ጠቋሚው ሥር ብቅ ትላለች፤ በልማድ ሁለት ጊዜ የሚጫን ሰው በሁለተኛው ይዘጋዋል። የመጀመሪያው ጭነት በመጣ በግማሽ ሰከንድ ውስጥ አዲስ ብቅ ያለችው ኤክስ ጭነት እንዳትቀበል ማድረግ ይበቃል።

ፖል ፊትስ በ1954 ያሳየው ሕግ ለዚህ ረድፍ የተጻፈ ይመስላል፤ ዒላማው ሲተልቅና ሲቀርብ እጅ ይፈጥናል። መስኮቱ ስክሪኑን ሲሞላ የታቡ ራስ የስክሪኑ ጠርዝ ላይ ይደርሳል፤ ጠርዝ ጠቋሚውን ስለሚያቆመው ታቡ ወደ ላይ ማለቂያ የሌለው ዒላማ ይሆናል። በታቡና በጠርዙ መካከል ለጌጥ የተተወች ሁለት ፒክሰል ይህን ሁሉ ታጠፋዋለች። ጠቋሚውን ወደ ላይ የወረወረ ሰው ታብ መሰለው፤ የነካው ግን የመስኮቱን ራስ ነው።

ቋሚ ረድፍ፣ ማለትም ታቦችን በጎን ከላይ ወደ ታች መደርደር፣ ብዙውን ችግር በራሱ ይፈታል። የማይክሮሶፍቱ ኤጅ በ2021 አስገባው፣ ፋየርፎክስ በ2025። ቁመቱ 768 በሆነ ስክሪን ላይ 600 ፒክሰል ለረድፉ ቢተርፍና አንዱ ታብ 36 ቢይዝ 16 ታቦች ከነርዕሳቸው ይነበባሉ። በማውዝ ለመዝጋት ከላይ የተባለው ብልሃት ደግሞ እዚህ አያስፈልግም፤ የአንዱ ቁመት ስለማይቀየር አንዱ ሲዘጋ የታችኛው ወደ ላይ ይወጣና ኤክሷ ራሷ ጠቋሚው ሥር ትገባለች። ዋጋው ከገጹ የሚቀነሰው 200 ፒክሰል ገደማ ስፋት ነው፤ በሰፊ ስክሪን የማይሰማ፣ በጠባቡ የሚያንገበግብ።

ታብ ከሠላሳ ካለፈ በኋላ ግን ፍለጋ እንጂ ረድፍ አያድንም። ክሮም በኮንትሮል+ሺፍት+ኤ የተከፈቱትን ይፈልጋል፤ ፋየርፎክስ አድራሻ ሳጥኑ ላይ በፐርሰንት ምልክት የጀመረን ጽሑፍ በተከፈቱ ታቦች ውስጥ ብቻ ይፈልገዋል። ሁለተኛው ጥቂት ሰው የሚያውቀው ቢሆንም ወድጄዋለሁ፤ አዲስ ቁልፍ ሳይጨምር እጅ ካለበት ቦታ ይሠራል።

ቁልፉ የማን ነው?

ገጹና ብሮውዘሩ አንድ ኪቦርድ ይጋራሉ። ኮንትሮል+ኤፍ ወይም ኮንትሮል+ኤስ ሲጫን መጀመሪያ ለገጹ ይቀርብለታል፤ የሰነድ መጻፊያ የሆነ ገጽ የራሱን ማስቀመጫ እንዲሠራበት። ኮንትሮል+ቲ፣ ኮንትሮል+ኤን እና ኮንትሮል+ደብሊው ግን በክሮም ለገጹ አይተዉም። ምክንያቱ ደኅንነት ነው፤ መዝጊያውን መንጠቅ የሚችል ገጽ ሰውን ማሰር ይችላል።

ይህ ትክክለኛ ውሳኔ ንጹሐንንም ይጎዳል። በዩኒክስ የትእዛዝ መስመር ላይ ኮንትሮል+ደብሊው ከጠቋሚው በፊት ያለውን ቃል ይሰርዛል። በብሮውዘር ውስጥ በተከፈተ ተርሚናል (የትእዛዝ መስመሩ መስኮት) ረጅም ትእዛዝ እየጻፈ አንድ ቃል ሊያጠፋ የተጫነ ሰው ተርሚናሉን ከነሥራው ይዘጋዋል። እጁ አልተሳሳተም፤ ሁለት ዓለም ለአንድ ቁልፍ ሁለት ትርጉም ሰጥተውታል። ክሮም ያበጀው መውጫ ገጹን እንደ ራሱን የቻለ ፕሮግራም በተለየ መስኮት መክፈት፣ ወይም ስክሪኑን ሞልቶ ቁልፎቹን ለገጹ ማስረከብ ነው። በሁለተኛው ኢስኬፕን ይዞ መቆየት ምንጊዜም ያስወጣል፤ ይህ በር የሚዘጋ መሆን የለበትም።

ፊደልና ስፍራ

አቋራጭ የሚታወቀው በፊደሉ ነው ወይስ በቁልፉ ስፍራ? በፈረንሳይኛው ኪቦርድ ደብሊው ከታች ግራ፣ በእንግሊዝኛው ዜድ ያለበት ቦታ ተቀምጧል፤ ስለዚህ ፊደሎችን በስፍራ መለየት ስሕተት ነው። ቁጥሮችን ግን በፊደል መለየት ስሕተት ነው፤ እዚያው ኪቦርድ ላይ ቁጥር የሚወጣው ከሺፍት ጋር ብቻ ስለሆነ ኮንትሮል+1 በፊደል ከተፈለገ አይገኝም። ኪቦርዱ በግዕዝ፣ በሲሪሊክ ወይም በአረብኛ ሲሆን ደግሞ የደብሊው ቁልፍ ላቲን ፊደል ጭራሽ አያወጣም፤ በፊደል ብቻ የሚፈልግ ብሮውዘር በአማርኛ እየጻፈ ያለን ሰው ኮንትሮል+ደብሊው ዝም ብሎ ይውጠዋል። ስለዚህ ተራው ይህ ነው፦ መጀመሪያ በፊደሉ ፈልግ፤ የወጣው ፊደል ላቲን ካልሆነ በስፍራው ፈልግ፤ ቁጥሮችን ሁልጊዜ በስፍራቸው። አንድ ፊደል በብዙ ጭነት እየተገጣጠመ ሳለ አቋራጭ ከመጣም የተጀመረውን ፊደል አጽንተህ ከዚያ ፈጽም እንጂ አትጣለው።

ኮንትሮል+ኦልት+ፊደል የሚባል አቋራጭ ከቶ አታውጣ። በዊንዶውስ ላይ በብዙ የአውሮፓ ኪቦርዶች የቀኙ ኦልት ከኮንትሮል+ኦልት ጋር አንድ ነው፤ የፖላንድ ሰው በዚያ ጥምረት ነው ልዩ ፊደሎቹን የሚጽፈው። የአንተ አዲስ አቋራጭ የእሱን ፊደል ይበላበታል። ዲቮራክ በሚባለው አደራደር ደግሞ ደብሊውና ቪ ጎረቤት ናቸው፤ መለጠፊያውና መዝጊያው ተዳብለዋል። ይህ እያንዳንዱ አቋራጭ በቅንብር የሚቀየር መሆን እንዳለበት ከማንኛውም ክርክር በላይ ያሳምናል።

ማውዝ ለሌለው

መላው የታብ ረድፍ ለኪቦርድ አንድ ማረፊያ ብቻ ይሁን። በኤፍ 6 ወደ ረድፉ ይገባል፤ ውስጡ በቀስት ቁልፎች ይዘዋወራል፤ ሆምና ኤንድ ወደ ዳርና ዳር ይወስዳሉ። እያንዳንዱ ታብ ራሱን የቻለ ማረፊያ ከሆነ ወደ ገጹ ለመድረስ አርባ ጊዜ መጫን ነው። ስክሪን አንባቢ፣ ማለትም ስክሪኑን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም፣ የሚጠቀም ሰው ርዕሱን፣ መመረጡን፣ ከስንቱ ስንተኛ መሆኑን ይስማ። ኤክሷን በታቡ ውስጥ እንደ ቁልፍ መክተት ግን አይበቃም፤ ታብ የሚል ሚና የተሰጠው ነገር ውስጡ ያለው ሁሉ ለአንባቢው እንደ ጌጥ ስለሚቆጠር ኤክሷ አትሰማም። በዴሊት ቁልፍ መዝጋትና ሺፍት+ኤፍ 10 በሚከፍተው ሜኑ ውስጥ «ዝጋ» የሚል መስመር ማኖር ይህን ይተካል። ከተዘጋ በኋላ ፎከሱ ቀጣዩ ታብ ላይ ይቆይ እንጂ ወደ ገጹ አይዝለል።

በጥቅምት 2023 የጸናው የድር ተደራሽነት መመሪያ እትም 2.2 የሚነካ ነገር ሁሉ ቢያንስ 24 በ24 ፒክሰል ዒላማ እንዲኖረው ወይም በዙሪያው በቂ ክፍተት እንዲተውለት ይጠይቃል። ኤክሷ 16 ፒክሰል ሆና ብትሳል የምትነካበት ቦታ ግን 24 ይሁን። ያው መመሪያ በመጎተት ብቻ የሚሆን ነገር እንዳይኖር ያዛል። ታብን በረድፉ ውስጥ ለማዛወር ኮንትሮል+ሺፍት+ፔጅ አፕና ፔጅ ዳውን አሉ፤ ሜኑ ውስጥም ይግቡ። መጎተቱ ራሱ ጠቋሚው አራት ፒክሰል ሳይንቀሳቀስ አይጀምር፤ አለዚያ የሚንቀጠቀጥ እጅ ታብ ልምረጥ ሲል ከመስኮቱ ነቅሎ ያወጣዋል።

ሁሉም ከተሠራ በኋላ ለመጨረሻ የሚቀር አንድ ሙከራ አለ፤ ብዙ ሥራ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ኮንትሮልን ይዘህ የታብ ቁልፍን ተጫን፤ ሰሌዳው ብቅ ሲል ኮንትሮልን ሳትለቅ ስክሪኑን ቆልፍ። አሁን ኮንትሮልን ልቀቅ፤ ከዚያ ተመለስ። ጣት መነሣቱን የሚያስታውቀው መልእክት ለስክሪን መቆለፊያው መስኮት ሄዶ ለብሮውዘሩ ሳይደርስ ቀርቷል። ሰሌዳው ገጹ ላይ ተንጠልጥሎ፣ የቅርብ ጊዜ ዝርዝሩም እንደቀዘቀዘ ካገኘኸው፣ መስኮቱ ፎከስ ባጣ ቁጥር ኮንትሮል እንደተለቀቀ የሚቆጥር አንድ መስመር ይጎድልሃል።